«ኖዝል ነው» ከመባሉ በፊት

ፒክአፕ ሊገዛ የፈለገ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አሁን ስንት ገብታለች?» ብሎ ነው። እሱን ደላላው ይነግረዋል፣ ያውም በቀን ሦስት ጊዜ እየቀያየረ። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ያለው ነው። መካኒክ አይደለሁም። ጋራዥ በርጩማ ላይ ብዙ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቤታችን ፒክአፕ ጠፍቶበት አያውቅም። አባቴ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያመላልስ የኖረው በድሮዋ ፋይቭ ኤል ሃይሉክስ ነው፣ እኔ አሁን የምነዳት ቪጎ ናት።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። በ2016 ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲሰማ፣ ያገለገለ መኪና በእጁ ያለ ሰው ሁሉ በማግስቱ ዋጋ ጨመረ። የዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። 300 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እንውሰድ። በ57 ሂሳብ 17,100 ብር ነው፣ በ120 ሂሳብ 36,000 ብር። ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። እርግጥ ብዙው መለዋወጫ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዶላር እየተሰላ ነበር የሚሸጠው፤ ቢሆንም ጭማሪው አልቀረልንም። ስለዚህ እዚህ የብር ዋጋ እየዘረዘርኩ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ አይሠራም። የትኛው ብልሽት ከየትኛው እንደሚከብድ ግን ከዶላር ጋር አብሮ አይቀያየርም።

እና ለዓመታት ካየሁት፣ ሰው ፒክአፕ ላይ የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ በግምት በተቀየረ ዕቃ ነው። ሳይለካ፣ ሳይፈተሽ፣ «ይሄ ይሆናል» ተብሎ በተገዛ ዕቃ።

ፒክአፕ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ሃይሉክስ ላይ ነው የሚሄደው። ዲማክስ አለ፣ ኤል 200 አለ፣ ኒሳን አለ፣ ፎርድ ሬንጀርም አለ። ክፉ መኪኖች አይደሉም። ሃይሉክስ የምትመረጠው ስለማትበላሽ አይምሰላችሁ፤ ስትበላሽ ዕቃዋ ወልድያም ነቀምቴም ስለሚገኝ፣ የሚፈታትም ስለማይጠፋ ነው። የድሮዎቹ ፋይቭ ኤል ናቸው፦ 3.0 ሊትር፣ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) የለሽ፣ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ። ዳገት ላይ ከኋላ የተሰለፈውን ሁሉ ያስቆጣሉ እንጂ ያገኙትን ናፍጣ ጠጥተው ይሄዳሉ። ቀጥሎ በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2015 አካባቢ የተሠራችው ቪጎ መጣች፣ ሁላችንም ዲፎርዲ የምንላት። ባለ 2.5ቷ ቱ ኬዲ ሞተር ነው፣ ባለ 3.0ዋ ዋን ኬዲ። ከዚያ በኋላ ሬቮ ናት። አሁን ገበያው ላይ መካከለኛ አቅም ያለው ሰው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ቪጎን ስለሆነ በእሷ ላይ ላተኩር።

ቪጎ ላይ የመጀመሪያው ቃል ኖዝል ነው፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ። ጠዋት አልነሳ ካለች ኖዝል። ጭስ ካበዛች ኖዝል። ጉልበት ካጣች ኖዝል። ቆማ ስትሠራ ከተንቀጠቀጠች፣ ያው ኖዝል። ብዙ ጊዜ እውነትም ሊሆን ይችላል። ናፍጣው ወደ ኖዝሉ የሚገፋው እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት ነው፤ ጎማችሁ ውስጥ ያለው ንፋስ እኮ ሁለት ተኩል ባር አካባቢ ነው። የሚረጭበት ቀዳዳ ደግሞ የሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቆሻሻና ውሃ አይወድም። ችግሩ ግን «ኖዝል ነው» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ነው፦ «አራቱንም እንቀይረው፣ ትገላገላለህ።»

የአጎቴ ልጅ እንዲሁ ተብሎ ብር ሊያበድረው የሚችል ሰው እያፈላለገ ነበር። መኪናዋን ይዘን ወደ ሌላ ጋራዥ ሄድን። አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ አዳመጡና «ገንዘብ የተረፈህ ሰው ነህ እንዴ?» አሉት። ከዚያ ረዳታቸውን አራት ባዶ ሃይላንድ ፈልግ አሉት። ከየኖዝሉ ትርፍ ናፍጣ የሚመለስበትን መስመር ፈቱ፣ በየኖዝሉ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰኩና የቱቦዎቹን ጫፍ ሃይላንዶቹ ውስጥ ከተቱ። መኪናዋ ተነሳች። ቆመን እናያለን። ሦስቱ ላይ ናፍጣው ጠብ ጠብ ይላል፣ አንድ ጣት እንኳ አልሞላም። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ግን ይወርዳል፣ ሃይላንዱ ግማሽ ደረሰ። «በሉ፣ ያ ነው» ብለው ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ ያንን አንዱን ፈትተው ወደ ኖዝል መፈተሻ ቤት ላኩት፣ ቀሪዎቹን ግን ማንም አልነካቸውም።

ስለዚህ የአራት ኖዝል ገንዘብ ወደ አንድ ወረደ። ለልኬቱ የተከፈለው የአንድ ቤተሰብ ምሳ ቢያወጣ ነው። ይሄ ሙከራ ምስጢር አይደለም፣ ዲፎርዲ የሚሠራ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። የማይደረገው ጊዜ ስለሚወስድ ነው፣ አንዳንዱ ጋር ደግሞ ከዕቃ ሻጩ የሚመጣ «ኮሚሽን» ስላለበት። በክፋት ብቻ አትዩት፣ የእጅ ዋጋ ሲባል ስንከራከር የምንውለው እኛው ነን፤ ለምርመራ መክፈል እንደ መበለጥ ነው የሚቆጠረው።

አንዳንዴ ደግሞ ኖዝሎቹ ደህና ሆነው ጥፋቱ ፖምፓው ላይ ካለችው የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይሆናል። ኤስ ሲ ቪ ይሏታል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴ ድንገት ይጠፋል። እሷ ብቻዋን ትቀየራለች፣ ከሙሉ ፖምፓ ጋር ሲነጻጸር ዋጋዋ ኢምንት ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ፖምፓውን በሙሉ ይገዛል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ ኖዝል ሲገጠም፣ በተለይ ኋላ ላይ በወጡት ሞዴሎች፣ ራሱ ላይ የተጻፈው 30 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ በኮምፒውተር ወደ መኪናዋ አእምሮ መግባት አለበት። ሳይገባ ቀርቶ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እየተባለ ሻጭ ጋር ሲካሰሱ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ዋናው፣ ማንም የማያወራው። ከኖዝሉ ሥር አንዲት የመዳብ ዋሸር አለች። ዋጋዋ የሚወራ አይደለም። ስታረጅ የሚቃጠለውን ጋዝ ታሾልካለች፣ ጥላሸቱ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ካርቦኑ ወርዶ ከሥር ኮፓው (የዘይት ማጠራቀሚያው) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ የሚጎዱት ተርቦውና ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች ናቸው። ከዚያ ሞተር ይወርዳል፣ ኮሎው ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ብሮንዚና፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናዋ የምትቆምበት ጊዜ... ይሄ ሁሉ ከአንዲት ዋሸር። በተለይ ባለ 3.0ዋ ዋን ኬዲ በዚህ ጉድ በውጭ አገር ሳይቀር ትታወቃለች፣ ፒስተን በመሰንጠቅም እንዲሁ። ጠዋት ስታስነሱ የዘይት መብራቱ ለመጥፋት የሚዘገይ ከሆነ መንዳት አቁሙ። ኮፓውን አስፈትቶ ወንፊቱን ማየት የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ወጪው የእጅ ዋጋ፣ ማጣበቂያ ሲሊኮንና አዲስ ዘይት ነው። ያገለገለች ቪጎ ገዝቶ ይህን ሳያስደርግ መቂ ድረስ ጭኖ የሚሄድ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ናፍጣው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ክፍለ ሀገር ማደያ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ የጀሪካን ናፍጣ ይገዛል፣ ምርጫ የለም። ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ፋይቭ ኤል ይህን ትችለዋለች፣ ዲፎርዲ ግን በኖዝል ታስከፍላለች። የናፍጣ ፊልትሮው ከሥሩ ውሃ የሚወርድበት ብሎን አለው፣ ከላዩ ደግሞ የእጅ ፖምፓ። ብሎኑን ላላ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የጀሪካን ከቀዳሁ በኋላ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፣ አንዳንዴ የሚወጣውን ውሃ ብታዩት ገላ መታጠቢያ ይሆናል። ፊልትሮው ላይ ርካሽ አትፈልጉ። ሌላው ነገር ላይ እንከራከራለን፣ ይሄ ላይ ግን አንከራከርም።

ቺንጊያ። የታይሚንግ ቺንጊያ ማለቴ ነው፣ ቫልቮላና ፒስተን ሳይጋጩ እንዲሠሩ የሚያደርገው ቀበቶ። ኬዲ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወጪው ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ፣ ነው። ቶዮታ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አስቀምጧል፤ በብዙ አገር በ150,000 ኪሎሜትር፣ በአንዳንዱ በ100,000 ይበራል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። እኛ አገር ግን ኪሎሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። 280,000 የሄደች መኪና 130,000 ተብላ ስትሸጥ መብራቱም አብሮ ተሸወደ ማለት ነው፣ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቀው አሁን የማይገኘው የመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የተገዛችው መኪና ላይ ቺንጊያውንና መወጠሪያዋን መቀየር ነው፣ ዳሽቦርዱ ምንም ይበል ምን። ስለ ኪሎሜትር እውነቱን የምትፈልጉ ከሆነ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጎን እዩ። ላስቲኩ አልቆ ከለሰለሰ፣ በ130,000 ኪሎሜትር ብቻ እንዲያ አይሆንም።

ስለ ውሃ ደግሞ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው፣ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ሲደክም ይሄ ይቀራል፣ ዳገት ላይ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሰው ራዲያተር ሊያሳጥብ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ራዲያተር ይገዛል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይራችሁ እዩ እላለሁ። የቧንቧ ውሃ መጨመርም አለ። ኩላንት ውድ ነው ብሎ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላ የኖረ ሰው ራዲያተሩ ውስጥ ዝገትና ኖራ አጠራቅሞ ነው የሚሸጥላችሁ። ክዳኑን ክፈቱት፣ በቀዘቀዘ ሞተር ብቻ፣ ቡናማ ከሆነ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቴርሞስታት ማውጣት ነው። «እኛ አገር አያስፈልግም፣ ያሞቃል» ይሉና አውጥተው ይጥሉታል። ቴርሞስታት ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ተከፍቶ ሞተሩን በሚገባው ሙቀት የሚያቆይ ዕቃ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ጥላሸት ያበዛል። ጥላሸቱ የት እንደሚሄድ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ዓባይ በረሃን ጭኖ የወጣ ሰው የምለውን ያውቃል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው፣ ያውም በቆላ ሙቀት። የደከመች የቴስታታ ጓርኒሲዮን ካለች እዚያ ትታወቃለች። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ሸራው እስኪሸት ድረስ ያቃጥለዋል፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መውረድ እያለ። ጓርኒሲዮን መሄዷን ለማወቅ ግን በረሃ መውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ፣ ውሃው የትም ሳያፈስ ከቀነሰ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተጋገረ፣ መልሱ ይሄው ነው። በዚህ ሁኔታ የምትሸጥን መኪና በቅናሽም አልገዛም። ቴስታታው ተጣሞ ይሁን ተሰንጥቆ የሚታወቀው ከተፈታ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብሩን ከፍላችኋል።

ከሥር ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ይጮሃል፣ ስለሚጮህ ይታወቃል፣ አብዛኛውም አያስከስርም። ኩሽኔታ (የጎማ መሽከርከሪያው) ሲበላ ይጮሃል። ክሮቸራ (የማዞሪያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ሲላላ ማርሽ ስትቀይሩ ይመታል። የፊት እግር ጎሚኒዎች (ላስቲኮቹ) ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳሉ፣ የምንነዳው እዚያ ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየሩ ናቸው። ፍሪሲዮን መንሸራተቱን በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጅ በደንብ ስትሰጡ ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ ካልፈጠነች አልቋል። ባሌስትራው (የኋላው የብረት ቅጠል) ላይ ተጨማሪ ቅጠል ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ባሌስትራው ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ መኪናዋ ከአቅሟ በላይ ስትጭን እንደኖረች ስለሚናገር ነው። እንግዲያውስ ተኝታችሁ ሻንሲውን፣ የመኪናዋን የብረት አጽም፣ እዩ፣ ከጋቢናው ኋላ የካሶኒው (የዕቃ መጫኛው) መጀመሪያ አካባቢ። ብየዳ ካለ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያ ብቻ ከተቀባ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ዕቃ ግዢ ላይ ሶማሌ ተራን፣ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ፣ የማያውቅ የለም። ማታ የተነቀለ ስፖኪዮህን ጠዋት ሄደህ ትገዛዋለህ የሚባለው ቀልድ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ስፖኪዮው የተወሰደበት ሰው ይመሰክራል። ያም ሆኖ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በር፣ መብራት፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ዲፈረንሻል የተፈታ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻለኛል። የሚያልቅ ዕቃ፣ ማለትም ሸራ፣ ቺንጊያ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ የተፈታ አይገዛም። ካርቶኑን አትመኑ፣ ካርቶን ለብቻው ይታተማል። እና ሁልጊዜ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ጋራዡ ቅር ይለዋል፣ ይበለው። «ቀይሬዋለሁ» የተባለውን አሮጌ ዕቃ ሳያሳዩ «ጥለነዋል» ሲሉኝ ሒሳብ የምከፍለው ዘግይቼ ነው።

የኤንጂኦ መኪና ይሻላል የሚባለውስ? ግማሽ እውነት ነው። በጨረታ የሚወጡት በሰዓቱ ዘይት የተቀየረላቸው ናቸው፣ የሰርቪስ መዝገብም አንዳንዴ ይገኛል። የሄዱበት መንገድ ግን አስፋልት አይደለም። ሞተር ደህና፣ እግር የደከመ። ለእኔ ይሄ ይመረጣል፣ እግር በርካሽ ይሠራል። የኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ላይ የዋለችን ግን አየር ፊልትሮዋን አውጥታችሁ እዩ። በኮምፕሬሰር እየተነፋ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ አቧራው ራሱ ይነግራችኋል። ከፊልትሮው ጀርባ ያለውን ቱቦ በጣት ጥረጉት፣ አቧራ ካለ ተርቦው በልቶታል።

ለጓደኞቼ የምለው፣ ያላችሁን ብር በሙሉ ለመግዣ አታውጡ ነው። ከአሥር አንዱን፣ ቢቻል ትንሽ ጨምራችሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አስቀምጡ። ደላላው «ዋጋ ከፍ ብትል ንጹሕ መኪና አለ» ይላል። ይላላ፣ ኮሚሽኑ የሚሰላው ከመግዣው ነው፣ ከጥገናው አይደለም። ወረቀቱንም ሳትረሱ፦ የሻንሲ ቁጥሩ ሻንሲው ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ተመትቷል፣ የሞተር ቁጥሩ ሞተሩ ላይ፣ ሁለቱም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሞተር ተቀይሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ጣጣው ስም ሲዞር ነው የሚመጣው፣ ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ነገ ጠዋት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቃሊቲ አንዲት ባለ 2.5 ደብል ጋቢና ለማየት እንሄዳለን። ያደረች ሞተር ሳትሞቅ እንዴት እንደምትነሳ፣ ጭሷ ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሻጮች ገዢ ሲመጣ ቀድመው አሙቀው የሚጠብቁት። ለባለቤቱ ደውዬ «ወንድሜ፣ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳት አደራ» ብዬዋለሁ። «ችግር የለም፣ አትነካም» ብሏል። እኔ ግን ስደርስ ሰላምታውን እንደጨረስኩ እጄን ኮፈኑ ላይ ነው የማሳርፈው።